የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን የደም ሥር ብግነት መስሎ ሲመጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎና ከአቃቂ ለምርመራ የሚመላለሱ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ።

የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ምንድን ነው?

ልብ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ አራት ቫልቮች አሉት። ባክቴሪያ ከድድ፣ ከቆዳ ቁስል ወይም ንጽሕናው ካልተጠበቀ መርፌ ተነስቶ ወደ ደም ሲገባ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ያጠፋዋል። ቫልቩ ቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ግን እዚያ ተጣብቆ ይቀራል፤ ፕሌትሌት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ሕዋሳትና የረጋ ደም ይሸፍኑትና ቬጀቴሽን የሚባል ክምችት ይፈጠራል። መጠኑ ከጥቂት ሚሊሜትር ተነስቶ ከ1 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። ክምችቱ ውስጥ የደም ሥር ስለሌለ ተከላካይ ሕዋሳትም ሆኑ መድኃኒት በቀላሉ ዘልቀው አይገቡም። ሕክምናው ሳምንታት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

በአገራችን ቫልቭን ቀድሞ የሚጎዳው በአብዛኛው በልጅነት የቶንሲል ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ብዙ ሰው ቫልቩ መጎዳቱን ሳያውቅ ያድጋል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላቸው፣ ከልደት ጀምሮ የልብ ችግር ያለባቸውና ከዚህ በፊት በዚሁ ኢንፌክሽን የታመሙ ሰዎችም ተጋላጭ ናቸው።

ሽፍታው የወጣው እግሬ ላይ ነው፤ የቀላውም ሽንቴ ነው። ከልብ ጋር ምን አገናኘው?

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያውና ለስህተት የሚዳርገው፣ ኢንፌክሽኑ ለሳምንታት ሲቆይ ሰውነት የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከባክቴሪያው ቅንጣቶች ጋር ተጣብቀው በደም መዘዋወራቸው ነው። እነዚህ ጥምሮች በቆዳና በኩላሊት ደቃቅ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሲቀመጡ ሥሮቹ ይቆጣሉ። ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ ሽንት ውስጥ ደምና ፕሮቲን ይታያል። ሁለተኛው፣ ከቬጀቴሽኑ ቁራሽ ተገንጥሎ የአንጎል፣ የጣፊያ፣ የኩላሊት ወይም የእግር ደም ሥር ሲዘጋ ነው። ሦስተኛው፣ ባክቴሪያው የደም ሥሩን ግድግዳ ራሱን በልቶ ሲያሳብጠው ነው፤ ይህ አንጎል ውስጥ ከሆነ ሊፈነዳ ይችላል።

የደም ሥር ብግነት (ቫስኩላይተስ) ራሱን የቻለ በሽታም ነው፤ ያኔ የሰውነት መከላከያ ያለ ምንም ጀርም የራሱን የደም ሥር ያጠቃል። ሁለቱ ቆዳና ሽንት ላይ ሲታዩ አይለያዩም። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ አንዱ መከላከያውን ማዳከም ይፈልጋል፣ ሌላው ጀርሙን መግደል። የዚህ ገጽ ጉዳይ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

እግሬ ላይ ያለው ነጥብ የቁንጫ ንክሻ ይሁን ሌላ በምን ልለየው?

ንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ በነጥቡ ላይ ጫን አድርገው በመስታወቱ በኩል ይመልከቱ። የቁንጫ ንክሻ ያሳክካል፣ ብዙውን ጊዜ ተሰልፎ ይወጣል፣ ዙሪያው ያለው ቅላት ሲጫኑት ይጠፋል። ከደም ሥር ብግነት የሚመጣው ነጥብ ሲጫኑትም አይጠፋም፤ ምክንያቱም ደሙ ከሥሩ ወጥቶ ቆዳ ውስጥ ፈሷል። በጣት ሲዳሰስ ከፍ ይላል፣ ከማሳከክ ይልቅ ያቃጥላል፣ ከጉልበት በታች ይበዛል፣ ቆመው ከዋሉ ይብሳል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቀይ አይመስልም፤ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ቡናማ ነው።

በቀን ብርሃን የታችኛውን የዐይን ቆብ ወደ ታች ስበው ውስጡን ይዩ፤ ደቃቅ ቀይ ነጠብጣብ ካለ ለሐኪም ይነገራል። ጥፍር ሥር ቀጥ ብለው የሚታዩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች፣ የጣት ጫፍ ላይ የሚያም ትንሽ እብጠት፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የማያም ጠቆር ያለ ነጠብጣብም እንዲሁ። የጥፍር መስመር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ድንጋይ የሚጠርብ ወይም ብሎኬት የሚያወርድ ሰው ጥፍር ሥር ከሥራው የተነሳም ይወጣል። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ካለ ከምርመራው በፊት ያስለቅቁ። እንሶስላ ቶሎ ስለማይለቅ ሐኪሙ የእግር ጥፍርን እንዲያይ ያስታውሱት።

ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተብዬ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። ትኩሳቱ ለምን ተመለሰ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ታሪክ ነው። ትኩሳት ይዞት ለሄደ ሰው በየክሊኒኩ የሚሠሩት ዊዳልና ዌል ፌሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች ጀርሙን ራሱን አያሳዩም፤ የሚለኩት ፀረ እንግዳ አካል ነው። ድሮ ያለፈ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያደርጋቸው ይችላል። ከዚያ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ይታዘዛል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይቀንሳል፤ ሰውየው ለጥቂት ቀናት ይሻለዋል። ቬጀቴሽኑ ውስጥ የተደበቀው ግን አይነካም፤ ክኒኑ ሲያልቅ ትኩሳቱ ያገረሻል።

ሌላው ጉዳት ይብሳል፦ በመሐል የተወሰደው መድኃኒት በኋላ የሚሠራውን የደም ካልቸር (ከደም ጀርም አብቅሎ የሚለየውን ምርመራ) ባዶ ያደርገዋል። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ወይም መድኃኒት ጨርሰው የተመለሰ ትኩሳት ካለ፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከተጨመረበት፣ ሦስተኛ ዙር መድኃኒት ከፋርማሲ አይግዙ። ቲቢም እንዲሁ ያደርጋልና እሱም አብሮ መታየት አለበት።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ? ምን ብዬስ ልናገር?

ለ3 ወይም ለ4 ቀናት ትኩሳትዎን በቴርሞሜትር ለክተው ይጻፉ፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ አንድ ጊዜ። ከመለካትዎ በፊት ፓራሲታሞል ከወሰዱ ሰዓቱን አብረው ይጻፉ። ዳይክሎፌናክ መርፌ ግን ይቅርብዎት፤ ትኩሳቱን ይደብቃል፣ የተቆጣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ባለፉት 2 ወራት የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያውን ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። «አንድ ነጭና ቀይ እንክብል» ከሚል መግለጫ ማሸጊያው ይሻላል።

የሚነገረው ይህ ነው፦ በልጅነት መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ሕመም ነበረብዎት? ልብዎ ያልተለመደ ድምፅ አለው ተብለው ያውቃሉ? በቅርቡ ጥርስ ተነቅለዋል፣ እንጥል ተቆርጠዋል? ከብት ያረባሉ? ጤና ጣቢያው ልብዎን ማዳመጥ፣ ሽንትዎን በስትሪፕ መመርመርና የደም ሕዋሳት ቆጠራ መሥራት ይችላል። ትኩሳት ካለ፣ ያልተለመደ የልብ ድምፅ ከተሰማና ሽንት ውስጥ ደም ከተገኘ ሪፈር ለመጠየቅ በቂ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱን ሳይዙ አይሂዱ። ወረቀቱ ላይ «የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ይጣራ» ተብሎ ቢጻፍ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ቀን ያድናል።

የደም ካልቸር ለምን ሦስት ጊዜ ይቀዳል? ደሜን ጨረሱት።

አያልቅም። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ የሚገባው ከ8 እስከ 10 ሚሊሊትር ነው። ሁለት ጠርሙስ በአንድ ዙር ቢቀዳ እንኳ የሦስቱ ዙር ድምር 60 ሚሊሊትር አይበልጥም። ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ 2 ወይም 3 ሚሊሊትር ብቻ የገባበት ጠርሙስ ሳይበቅልበት ሊቀር ይችላል። ሦስት የተለያየ ቦታ የሚወጋውም በምክንያት ነው፦ አንድ ዓይነት ጀርም ከሁለት ሦስት የተለያየ ቦታ ከበቀለ ከቆዳ የገባ ብክለት አይደለም ማለት ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ቢያንስ 1 ሰዓት ይጠበቃል።

አስታማሚው ሊከታተላቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ደሙ የሚቀዳው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። ቆዳው በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከተጠረገ በኋላ በጣት አይዳሰስም። ግሉኮስ ከሚሄድበት ካኑላ አይቀዳም። ጠርሙሱን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ራስዎ የሚያደርሱ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥም በረዶ ላይም አያስቀምጡት፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ በቅዝቃዜ ይሞታል። በያዙት ቀን፣ በተቻለ ፍጥነት ያድርሱ። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ይፈጃል።

ኢኮ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ። ነፃ ነኝ ማለት ነው?

ገና ነው። ደረት ላይ የሚደረገው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ትንንሽ ቬጀቴሽኖችን ሊስት ይችላል፤ በሩማቲክ ሕመም ቀድሞ የወፈረ ቫልቭ ላይ ደግሞ አዲሱን ከአሮጌው መለየት ይከብዳል። ጥርጣሬው ካልጠፋ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይደገማል፣ ወይም በጉሮሮ በኩል የሚገባው ኢኮ ይሠራል፤ ይህ ከልብ ጀርባ ስለሚያይ በጣም የጠራ ነው። ለእሱ 6 ሰዓት ያህል ጾመው ይሄዳሉ።

ወደ ድንገተኛ ክፍል በዚያው ሰዓት የሚያስሮጠው ምንድን ነው?

አፍ መጣመም፣ የሰውነት አንድ ጎን መስነፍ፣ መናገር መቸገር፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ዐይን ብርሃን መጥፋት፣ በድንገት የቀዘቀዘና የሚያም እግር ወይም እጅ፣ ጋደም ሲሉ የሚያፍን ትንፋሽ፣ የሽንት መቀነስ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ 939።

እንደ ደረሱ «የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ተጠርጥሮበታል» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። ለሌላ የስትሮክ ታካሚ የሚሰጠው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በዚህ ኢንፌክሽን አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል አይሰጥም። ቤት ውስጥ አስፕሪን በራስዎ አይስጡ።

አንካ ፖዘቲቭ መጣ፤ የቆዳ ናሙናውም ቫስኩላይተስ ይላል። ታዲያ ምን ቀረ?

ዋናው ቀርቷል። አንካ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል የራስ በራስ የደም ሥር ብግነት መለያ ተብሎ ቢታወቅም በቆየ የቫልቭ ኢንፌክሽንም ይወጣል፤ በቲቢም ሊወጣ ይችላል። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ምርመራም እንዲሁ ፖዘቲቭ ይሆንና ሰውየው «ሪህ ነው» ተብሎ ይመለሳል። የቆዳ ናሙናው ሥሩ መቆጣቱን እንጂ ያስቆጣውን አይናገርም፤ በማይክሮስኮፕ ሁለቱ አንድ ናቸው። የኩላሊት ናሙና የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፣ እሱም ሁልጊዜ አይለይም።

ወደ ኢንፌክሽን የሚያደሉ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የልብ ድምፅ፣ ያበጠ ጣፊያ፣ ሲ3 የሚባለው የኮምፕሊመንት (ደም ውስጥ ያለ የመከላከያ ፕሮቲን) መጠን መውረድ (በአንካ ቫስኩላይተስ አብዛኛውን ጊዜ አይወርድም)፣ እንዲሁም ፒ-አር-3 እና ኤም-ፒ-ኦ የሚባሉት ሁለቱ የአንካ ዓይነቶች አብረው ፖዘቲቭ መሆናቸው። ኤች-አይ-ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም የቂጥኝ ምርመራ አብረው ይሠራሉ፤ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ራሳቸው የደም ሥር ብግነት ያመጣሉ። የቂጥኝ ምርመራው ደግሞ በዚሁ የልብ ኢንፌክሽን የተነሳ በሐሰት ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል በማረጋገጫ ምርመራ ሳይደገም ትዳር አይናጋበት።

ካልቸሩ ሦስቱም ምንም አላበቀለም። አሁንስ ይተው?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀድሞ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ነው፤ ዋናው ምክንያት እሱ ነው። ታካሚው ከተረጋጋ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለቀናት አቁሞ ካልቸሩን ሊያስደግም ይችላል። ይህን በራስዎ አያድርጉት።

ቀጥሎ በተራ ጠርሙስ የማይበቅሉ ወይም ዘግይተው የሚበቅሉ ጀርሞች ይታሰባሉ፤ ለከተማው ዳር ነዋሪ እነዚህ ሩቅ አይደሉም። ባርቶኔላ ኩዊንታና በልብስ ቅማል ይተላለፋል፤ ተጨናንቀው ከሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ጋር የኖረ ሰው ይህን ሳያፍር ይናገር፤ ይህ ጀርም አንካን ፖዘቲቭ በማድረግና ኩላሊትን በመጉዳት የታወቀ ነው። ኮክሲዬላ ከላም፣ ከበግና ከፍየል ይመጣል፤ በተለይ ሲወልዱ ወይም ሲያስወርዱ የእንግዴ ልጁንና ፈሳሹን ያለ ጓንት የነካ ወይም በረቱን ያጸዳ ሰው በትንፋሽ ይይዘዋል። ብሩሴላ ባልፈላ ወተትና ከእሱ በተሠራ አይብ ይመጣል። ለእነዚህ የሚፈለገው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ነው፤ በብዙ ሆስፒታል ስለማይሠራ ሐኪሙ ቀድሞ ካልጠረጠረ ማንም አያዘውም። «ላሞች አሉን፣ ባለፈው ወር አንዷ አስወርዳለች» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር እዚህ ላይ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ሕክምናቸውም ይለያያል፤ የኮክሲዬላው ቢያንስ 18 ወር ይፈጃል።

ፕሬድኒሶሎን ጀምሬ በጣም ተሽሎኛል። ታዲያ ለምን ትጠራጠራላችሁ?

ፕሬድኒሶሎን የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ስቴሮይድ ነው፤ በቀናት ውስጥ ትኩሳቱን ያወርዳል፣ ሽፍታውን ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይመልሳል። ቫልቩ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ግን አይገድልም፤ መከላከያው ስለተዳከመ ያለ ከልካይ ይራባል። ብዙ ጊዜ የሚታየው አንድ ዓይነት ነው፦ ጥቂት ሳምንት መሻል፣ ከዚያ መጠኑ ሲቀነስ ትኩሳት መመለስ፣ ወይም በድንገት የልብ ድካም አለያም ስትሮክ። ሳይክሎፎስፋማይድ ወይም ሪቱክሲማብ የሚባል ሌላ መከላከያ አዳካሚ መድኃኒት ከተጨመረ አደጋው ይብሳል። በእኛ እምነት የልብ ድምፅ ወይም የቆየ ትኩሳት ላለበት ሰው፣ ሦስት ካልቸርና አንድ ኢኮ ሳይሠራ ለቫስኩላይተስ ሙሉ መጠን ፕሬድኒሶሎን መጀመር ተገቢ አይደለም። ካልቸሩን መቅዳት የሚወስደው ሰዓታት ነው፤ ኩላሊት በፍጥነት እየደከመ ሕክምናው የግድ ቢሆን እንኳ ለዚህ ጊዜ አይጠፋም።

ጀምረው ከሆነ ግን በድንጋጤ አያቋርጡት። ከ2 ወይም 3 ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ስለማያመርት የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ወደ ያዘዘልዎት ሐኪም ሄደው ካልቸርና ኢኮ መሠራቱን ይጠይቁ፤ ፕሬድኒሶሎን ላይ እያሉም ሁለቱም ይሠራሉ።

ሕክምናው ስንት ጊዜ ነው? መርፌውን ሰፈሬ ካለ ጤና ጣቢያ መውሰድ አልችልም?

ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በደም ሥር ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ከሆነ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ። ቀኑ የሚቆጠረው መድኃኒቱ ከተጀመረበት ሳይሆን ካልቸሩ ባዶ ከሆነበት ቀን ነው። ጀርሙ ከአፍ የመጣ ስትሬፕቶኮከስ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይሰጣል። ስታፊሎኮከስ ሲሆን ክሎክሳሲሊን የመሰለ በቀን ብዙ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ያኔ መተኛት ግድ ነው። ጄንታማይሲን ከተጨመረ ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) በየጥቂት ቀኑ ይለካል፣ ጆሮ መጮህ ከጀመረም ወዲያው ይነገራል።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስብስብ ችግሮች የሚበዙበት ጊዜ ስለሆነ ሆስፒታል መተኛት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ከጠፋ፣ ልብ ካልደከመና መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ቀሪውን በአቅራቢያ ጤና ጣቢያ መጨረስ ይቻላል፤ እሑድና በዓል ቀን ማን እንደሚወጋ ግን ከመውጣትዎ በፊት ይረጋገጥ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴንማርክ ጥናት የተረጋጉ ታካሚዎች ቢያንስ ከ10 ቀን መርፌ በኋላ ወደሚዋጥ መድኃኒት መዛወር እንደሚችሉ አሳይቷል። እዚያ የነበረው በጉሮሮ የሚገባ ኢኮና ጥብቅ ክትትል ሳይኖር ግን መርፌውን በእንክብል አይለውጡ። ቫልቩ ከፈረሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ቬጀቴሽኑ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ቁራሽ ከረጨ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቶሎ ይማከራል።

በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ጥርሴን ስነቀል አይከላከልልኝም?

አይከላከልም። 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚሰጠው የሩማቲክ ትኩሳት እንዳያገረሽ ነው፤ ደም ውስጥ የሚኖረው መጠን ጥርስ ሲነቀል የሚረጨውን ባክቴሪያ ለመግደል አይበቃም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ወይም ይህ ኢንፌክሽን ከዚህ በፊት የያዘው ሰው ከነቀላው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ብዙ ጊዜ አሞክሳሲሊን 2 ግራም። የየወሩን ፔኒሲሊን ለሚወስድ ግን የአፉ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን ሊለምድ ስለሚችል አዚትሮማይሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ይመረጣል። መርፌውን አያቋርጡ። በባህላዊ መንገድ ጥርስ መነቀልና እንጥል መቆረጥ ግን ለተጎዳ ቫልቭ በቀጥታ መንገድ መክፈት ነው።

ኢንፌክሽኑ ድኖ ኩላሊቱ ካልተሻለስ? ያኔ ስቴሮይድ ይሰጣል?

አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ሲ3 ይመለሳል፤ አንካ በወራት ይወርዳል። ኩላሊት ይዘገያል፤ ሽንት ውስጥ ያለው ደም ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ክሬያቲኒንና የሽንት ምርመራ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ ይታያል። ክሬያቲኒን እየጨመረ ከሆነ መጀመሪያ የሚጣሩት መድኃኒቶቹ (በተለይ ጄንታማይሲን)፣ ያልጠፋ ኢንፌክሽንና የልብ ድካም ናቸው።

እነዚህ ተጣርተው፣ ካልቸሩ ባዶ ሆኖ፣ የኩላሊት ናሙናው አሁንም የነደደ ብግነት ካሳየ ስቴሮይድ በአንቲባዮቲክ ሽፋን ሊሰጥ ይችላል። ይህ ሐኪሞችም የማይስማሙበት ውሳኔ ስለሆነ የልብ፣ የኩላሊትና የኢንፌክሽን ሐኪሞች አብረው ይወስኑታል። አንቲባዮቲኩ አልቆ፣ ካልቸሩ ደጋግሞ ባዶ ሆኖ፣ አንካው ከ6 ወር በኋላም ከፍ ብሎ አዲስ ሽፍታ ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ ደግሞ ከመጀመሪያው አብሮ የነበረ እውነተኛ ቫስኩላይተስ ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን ፕሬድኒሶሎን ከመታዘዙ በፊት ካልቸሩና ኢኮው እንደ አዲስ ይደገማሉ።